በሰዓቱ በር ላይ የተጻፈው

ሴድሪክ ሆልሮይድ የተውኔቱን ቃል በእርሳስ የጻፈው ሐሙስ ዕለት፣ ሁሉም ለምሳ እስኪወጣ ጠብቆ ነው። መድረኩ ላይ ያለውን ረጅም የቁም ሰዓት ጠባብ በር ከፈተ። በሩ ከውስጥ በኩል ነጭ ቀለም ተቀብቷል። ለዓይኑ በሚመች ከፍታ ላይ፣ ተመልካች በማያየው ቦታ፣ አሥራ ዘጠኝ መስመር በጥቃቅን ፊደል ጻፈ። ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው። አርባ ስድስቱን ዓመት የኖረው መድረክ ላይ ነው፤ አንድም ቀን ቃሉን ጽፎ ደብቆ አያውቅም። እንዲያውም እንዲህ የሚያደርጉትን ሲንቅ ነው ዕድሜውን የፈጀው።

ከአንድ ቀን በፊት፣ ረቡዕ ልምምድ ላይ፣ በንግግሩ መካከል ድንገት ሁሉም ነገር ጠፋበት። አንድ ቃል አይደለም፤ ሁሉም። አዘጋጁ ኮሊን ፍራንክላንድ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ትናንት ከተማሪ ቤት የወጣ ቢመስልም ክፉ ልጅ አልነበረም። ሰው ፊት አልተናገረውም፤ ወደ መልበሻ ክፍሉ ድረስ መጣ። ቲያትር ቤት ውስጥ አንቱታ የለም፤ ታላቅም ታናሽም አንተ ነው የሚባባለው።

«ሴድሪክ፣ በጥር ወር አንዴ ሆነ፤ ዝም አልኩ። ባለፈው ሳምንት ሆነ፤ ዝም አልኩ።»

«ጉንፋን ይዞኝ ነበር።»

«ዛሬስ?»

ሴድሪክ የጠረጴዛውን መሳቢያ ከፍቶ ዘጋ።

«ሰኞ እንከፍታለን» አለ ኮሊን። «ሰኞ ስድስት መቶ ሰው ፊት ይኸው ነገር ከሆነ፣ ከማክሰኞ ጀምሮ ትሬቨር ይገባል። ቃሉን እንዲያጠና ነግሬዋለሁ። ከእኔ ሳይሆን ከሌላ ሰው ብትሰማው የበለጠ ይጎዳሃል ብዬ ነው።»

ትሬቨር በመጀመሪያው ክፍል ጎረቤቱን ሆኖ የሚጫወት ሰው ነው። ደህና ተዋናይ ነው። ሴድሪክን ያንገበገበው ይኸው ደህናነቱ ነው።

ለሌላ ሰው ቃል መርሳት ቃል መርሳት ብቻ ነው። ሴድሪክ ግን ሌላ ሀብት አልነበረውም። ቁመናው ተራ ነው፤ ድምፁ ደህና ነው፤ መልኩን ያየ ሰው ፖስታ ቤት ውስጥ ያገኘው ይመስለዋል። ያደገው ሃል በተባለ የወደብ ከተማ፣ ሄስል መንገድ ላይ፣ ከመርከብ ዓሣ የሚያራግፉ ሠራተኞች በሚኖሩበት ሰፈር ነው። አባቱም ዓሣ አራጋፊ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው በመንገዱ ላይ የሚኖሩትን ሠራተኞች ሌሊት የመቀስቀስ ሥራ ተሰጠው። በመጥረጊያ እንጨት መስኮት እያንኳኳ ሠላሳ አንድ ቤት ያዳርሳል። ማን በስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ ማን አንዴ ሲያንኳኩለት እንደሚበቃው፣ ማን እንደሚሳደብ፣ ሁሉም በጭንቅላቱ ነው። ወረቀት ቢይዝም በዚያ ጨለማ አያነበውም። በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው ከሥራ አላስቀረም።

በአሥራ ሰባት ዓመቱ የሚስስ ኦርፋ ግሪንዉድ ተጓዥ ቡድን ወደ ከተማው መጣ። ሚስስ ግሪንዉድ ግንባሯ ላይ መነጽር ሰክታ መነጽሯን የምትፈልግ፣ ከዚያ ውጭ ግን ምንም የማያመልጣት ሴት ነበረች። ሁለት ገጽ ሰጠችውና «ሻዬን እስክጠጣ ድረስ አጥናው» አለችው። ሻይዋ ሳይበርድ መለሰላት። በዚያ ቡድን ውስጥ በየሳምንቱ አዲስ ተውኔት ይታያል፤ ማታ አንዱን እየተጫወቱ፣ ጠዋት ሁለተኛውን እየተለማመዱ፣ በመካከሉ ሦስተኛውን ያጠናሉ። ሌሎቹ እየቀላቀሉ የአንዱን ጌታ ለሌላው ተውኔት ሎሌ ሲያደርጉት፣ ሴድሪክ አንድ ቃል አይስትም። «መዝገቡ» ብለው ስም አወጡለት። በጦርነቱ ጊዜ ፈንጂ ጠራጊ መርከብ ላይ ሲያገለግል፣ ሙሉ ተውኔት ከነሴቶቹ ድምፅ ብቻውን እየተጫወተ ባሕረኞቹን ያሳልፋቸው ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ፊልም መጣ። ሃያ ስድስት ፊልም ሠራ፤ በአሥራ አንዱ ፖሊስ ነው። በቀሩት በር ጠባቂ፣ ዳኛ ፊት የሚቆም ምስክር፣ አንዴም በፊልሙ መጀመሪያ የተዋንያኑ ስም ታይቶ ሳያልቅ የሚገደል ሰው። ፊቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ስሙን የሚያውቅ የለም። የሰፈሩ ሥጋ ሻጭ «አንተ ባለፈው ያሰርከኝ ሰውዬ አይደለህም?» ብሎ ይስቃል፤ ሴድሪክም «ደግሜ ሳላስርህ ከጎድኑ ጨምርልኝ» ይለዋል። በአንዱ ፊልም ላይ አንድ ትልቅ ኮከብ ቃሉን መያዝ አቅቶት በሰሌዳ ጽፈው ከካሜራው ጀርባ ይይዙለት ነበር። ሴድሪክ ፊቱን የሚቀባበት ክፍል ውስጥ ሆኖ «እኔ የምጫወተው ከእሱ ጋር ነው፤ እሱ የሚጫወተው ከሰሌዳው ጋር» ብሎ ሰው ሁሉ አሳቀ። ያ ሳቅ በእነዚህ ቀናት በተደጋጋሚ ይመጣበት ነበር። ሰውዬው በሩ ላይ ቆሞ ሰምቶት ይሆን? ቆሞ ነበር መሰለው።

አሁን የሚጫወተው ሰዓት ሠሪ ሆኖ ነው። አምብሮዝ የተባለ ሽማግሌ፣ ሱቁን ዘግቶ ወደ ልጁ ቤት ሊሄድ ነው። በመጨረሻው ክፍል የቁም ሰዓቱን ይከፍትና ኀምሳ ዓመት ሙሉ ሰዓታቸውን የጠበቀላቸውን ቤቶች አንድ በአንድ ለልጁ ይነግራታል። ከዚያ ልጁ «ልሙላው?» ስትለው፣ «ተዪው። ራሱ ይቁም» ይላል። መጋረጃ ይወርዳል።

ይህን የመጨረሻ ቃል ሴድሪክ አንድም ጊዜ ከአፉ አውጥቶት አያውቅም። ከሚስስ ግሪንዉድ የተማረው ሕግ ነው፤ የተውኔት መዝጊያ ቃል ተመልካች ሳይገባ አይነገርም። ተመልካች ሳያየው ያለቀ ተውኔት መጨረሻው አያምርም ይባላል። ስለዚህ በልምምድ ጊዜ እዚያ ቦታ ሲደርስ፣ አርባ ስድስት ዓመት እንዳደረገው፣ «ዓሣ፣ ዓሣ፣ ዓሣ» ብሎ ይዘጋል። ወጣቶቹ ይስቃሉ። አዘጋጁ በዚህ ጉዳይ አይከራከርም፤ ማንም አዘጋጅ አይከራከርም። ችግሩ አሁን ሴድሪክን የሚታዘዘው አፉ ብቻ መሆኑ ነው። ብዙ ጊዜ የደጋገመውን አፉ ያውቀዋል፤ አንዴ ያነበበው ግን ከዓይኑ አያልፍም። እና በዚያ ቦታ አፉ የሚያውቀው ዓሣን ነው።

ቅዳሜ በመጨረሻው ልምምድ የሰዓቱ በር አዳነው። አሥራ ዘጠኙን መስመር ሰዓት እንደሚመረምር ሰው ጠጋ ብሎ አነበባቸው። ኮሊን ከሩቅ አውራ ጣቱን አሳየው።

የፋሲካ ማግስት ሰኞ ዝናብ ነበር፤ ከባሕሩ በኩል በአግድም የሚመታ። የበዓሉ ሰው መሄጃ ስላጣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ቲያትር ቤቱ ሞላ። ሴድሪክ በጀርባ በር ገብቶ የተዋንያን መግቢያ ዝርዝር ላይ፣ ስሙ ላይ ፈረመ። የመጀመሪያው ክፍል አለፈ። ሁለተኛው ክፍል አለፈ፤ ሁለት ቦታ ሳቁበት፤ ሁለቱም መሳቅ ያለባቸው ቦታ ነበር። መጋረጃው ሲወርድ ላቡን ጠረገ። የቀረው አንድ ክፍል ነው፤ እሱም በሰዓቱ በር ላይ ተጽፏል።

ዕረፍቱ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። አዳራሹ ውስጥ ሻይ በየወንበሩ መታደል ጀምሮ የሲኒው ድምፅ በመጋረጃው በኩል ይሰማል። የመድረክ ዕቃ ጠባቂው አርተር ፓስክ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። ጡረታ የወጣ አናጢ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ አንቱ የሚል እሱ ብቻ ነው።

«ሚስተር ሆልሮይድ፣ ሰዓቷን ከፍተው አይተዋታል ዛሬ?»

«ገና ነኝ አርተር።»

«ያዩዋታል። ጠዋት በሰም ወለወልኳት፤ ፊትዎን ያዩባታል። ውስጧንም አልተውኩም። አንዱ ባለጌ በሩን በእርሳስ ሞነጫጭሮት የለም መሰልዎት! በሳሙና ፈትጌ አጠፋሁት። ለእርስዎ የመክፈቻ ቀን እንደዚያ ሆና ትውላለች? አልኩ።»

ሴድሪክ ግድግዳውን ያዘ።

«ሁሉንም?»

«ነጥብ አልቀረም።»

«ምን ይላል... ምን ይል ነበር?»

«እኔ እንጃ፤ መነጽሬን አላደረግኩም። ስድብ ይሆናል ብዬ ነው።» አርተር ፊቱን አየው። «ደኅና ነዎት? ውሃ ላምጣልዎት?»

«ደኅና ነኝ። አመሰግናለሁ አርተር። ጥሩ አድርገሃል።»

ማቪስ ቲንዳል በመድረኩ ጎን፣ በትንሿ መብራት ስር ተቀምጣለች። ሥራዋ የተውኔቱን ጽሑፍ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ተዋናይ ሲጠፋበት ቃሉን ሹክ ማለት ነው። ከሚስስ ግሪንዉድ ቡድን ጀምሮ ይተዋወቃሉ። ለምን እንዳላገባ ሰው ሲጠይቅ «ሻንጣውን አግብቷል፤ እሷም ቀናተኛ ናት» እያለች የምትመልስለት እሷ ነች።

«መጽሐፉን ስጪኝ።»

ቀና ብላ ሳታየው ሰጠችው። ዘጠኝ ደቂቃ ቀርቷል። ገጹን አገኘው። የመጀመሪያውን መስመር አነበበ፤ ሁለተኛውን ሲያነብ የመጀመሪያው የለም። እንደገና ጀመረ። ፊደሎቹን ያያቸዋል፤ ያውቃቸዋል፤ ግን አይቀመጡም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ማቪስ።

«ምኑ?»

«ሴድሪክ።»

«ከገና ጀምሮ።»

«ከገና በፊት ነው። እኔ ሥራዬ ዝምታ መስማት ነው እኮ። ድሮ ዝም ስትል ትተነፍስ ነበር። አሁን ዝም ስትል ትንፋሽህን ትይዛለህ።»

በመጋረጃው ማዶ አንዲት ሴት በሳቅ ፈነዳች፤ ሲኒ ተንኳኳ።

«ኮሊን የት ነው የተቀመጠው?»

«አሥራ ሁለተኛው ረድፍ፣ መተላለፊያው ዳር።»

«ሹክታሽ እስከየት ይሰማል?»

«ቀን ሲቀናኝ እስከ አራተኛው ረድፍ።»

«ሳይቀናሽስ?»

«እስከ ሻይ ቤቱ።» መጽሐፏን ከእጁ ወሰደች። «ስማኝ። ቃሉ ከጠፋብህ የአምብሮዝን መነጽር ንካ። ከነካህ እሰጥሃለሁ፤ ማንም ይስማ ማንም። ካልነካህ ግን እዚያው ብትሞትም ትንፍሽ አልልም። የምትመርጠው አንተ ነህ።»

«ቦታ ያዙ!» የሚል ድምፅ መጣ።

የሦስተኛው ክፍል ግማሽ ጭውውት ነው። ልጁን ሆና የምትጫወተው ሮዊና ፔች ጥያቄ ትጠይቀዋለች፤ ጥያቄው መልሱን ይጎትትለታል። እየተናገረ ሳለ ግን ሰዓቱ በግራው በኩል ሲመታ ይሰማዋል። አርተር እንደ እውነተኛ ሰዓት እንዲሠራ አድርጎት ነበር፤ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ሮዊና ሻንጣ ልታመጣ ወደ በሩ ሄደች። እሱ ወደ ሰዓቱ ተራመደ። በሩን ከፈተ።

ነጭ ነው። ሰም ሰም ይሸታል።

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዞረ። ከፊት ረድፍ አንዲት አሮጊት ከረሜላ ልትፈታ ጀምራ ተወችው። ስድስት መቶ ሰው ዝም ሲል ክብደት አለው፤ ድሮ ይወደው ነበር። በዓይኑ ጥግ የማቪስ መነጽር በትንሿ መብራት ሲብለጨለጭ አየ። እጁን ወደ መነጽሩ ሊያነሳ ፈለገ። ከነካው እነዚያ ቃላት ይመጣሉ፤ አሥራ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለው ኮሊንም ይሰማል። ትንፋሹን እንደያዘ አወቀ፤ ለቀቀው።

«ሰባት ቁጥር» አለ።

ተውኔቱ ውስጥ ሰባት ቁጥር የለም። ማቪስ ጣቷን ገጹ ላይ አስሮጠች፤ ቀጣዩን ገጽ ገለጠች፤ ወደ ኋላ መለሰች።

«ሰባት ቁጥር፣ ዎልት ስታማርስ፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከሩብ። ሁለቴ ብቻ፣ በቀስታ፤ ሚስቱ አራስ ናት። አሥራ አንድ ቁጥር፣ ጄብ ኩልሰን፤ ስምንት ተኩል። አንድ ጆሮው አይሰማም። በደኅናው ጆሮው ከተኛ ቤቱ ቢፈርስም አይነቃም፤ ያን ቀን መስኮቱን ሳይሆን በሩን ነው። አሥራ አራት ቁጥር ሁለቱ ወንድማማቾች፤ ተኳርፈዋል፤ አንዱን ቀስቅሼ ሌላውን ብተው አይነግረውም፤ ስለዚህ ሁለት መስኮት።»

አዳራሹ ሳቀ፤ ሳቁም ቶሎ ጠፋ፤ ሊሰሙ ፈልገው ነበር። ሴድሪክ እያየ ነበር የሚናገረው። እርጥቡን የድንጋይ ንጣፍ፣ የመጥረጊያውን እንጨት፣ መስኮቶቹን ያያቸዋል። አንድም አልጎደለም። ትናንት የበላውን የማያውቅ ሰው ከሃምሳ አራት ዓመት በፊት የነበረውን መንገድ በቁጥር ይራመዳል።

«ሃያ ሦስት ቁጥር» አለና ቆመ። «እዚያ የሚነቃ የለም። የቤቱ ልጅ የተሳፈረባት መርከብ አልተመለሰችም። ግን እናቱ ‹ቤቴን አትዝለል› ብላኛለች። ስለዚህ አልዘለልኩም። በየቀኑ አንኳኳሁ። እሷም ከውስጥ ‹ሰምቷል› ትለኛለች።»

ማቪስ መጽሐፉን ዘጋችው።

ሮዊና ሻንጣውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። ለመናገር የምትጠብቀው ቃል አልመጣም፤ እንደማይመጣም ገብቷታል። ፊቷ ነጭ ሆኗል። አንድ እርምጃ ገባችና በገዛ ራሷ ቃል፣ በለሰለሰ ድምፅ ጠየቀችው።

«የቄሱስ ቤት፣ አባባ?»

የቄሱ ቤት የንግግሩ የመጨረሻ መስመር ነበር። ሴድሪክ እንደነቃ ሰው ዞር አለ። አምብሮዝ መሆኑን አስታወሰ።

«የቄሱ ቤት ሰዓት» አለ፤ አፉ ያዘለት፤ «ሁልጊዜ አምስት ደቂቃ ይቀድማል። ቄሱ ነው ያስቀደመው፤ ሰው እንዳይዘገይበት።»

«ልሙላው?» አለች ሮዊና።

አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው። ሦስት ቃል። አፉን ከፈተ፤ ዓሣ ምላሱ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሌላ ምንም የለም፤ ዓሣ ብቻ፣ ለመውጣት የተዘጋጀ። ከመድረኩ ጎን የቆሙት ተዋንያን በሙሉ ያውቁታል፤ ትሬቨር ዓይኑን ጨፈነ። ሴድሪክ አፉን ዘጋ። እጁ ወደ መነጽሩ ተነሳ። ማቪስ መተንፈሷ ተሰማው፤ ቃሉ ከከንፈሯ ላይ ደርሷል።

እጁ መንገዱን ቀየረ። ወደ ሰዓቱ ውስጥ ገባና የሚወዛወዘውን ክብደት ያዘው።

የሰዓቱ ምት ቆመ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የዝናቡ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። ማቪስ እስከ አራት ቆጠረችና ለመጋረጃው ምልክት ሰጠች።

ጭብጨባው ረጅም ነበር። ኮሊን ከአዳራሹ እየሮጠ በጎን በር ገባ፤ ፀጉሩ ተመሰቃቅሏል፤ ሴድሪክን በሁለት ትከሻው ያዘው።

«ምን አባክ ነው ያደረግከው? ሃያ ሦስት ቁጥር! ደራሲው ቢኖር ይገድልህ ነበር፤ ቀጥሎ ይስምህ ነበር። መዝጊያውንማ! ማነው ቃል የሚያስፈልገው?» ወደ ማቪስ ዞረ። «ሁሉንም በጽሑፉ ላይ አስገቢልኝ። ነገም እንዲሁ ነው፤ ቃል በቃል። ሴድሪክ፣ ስለ ረቡዑ ይቅርታ አድርግልኝ። ትሬቨር ይረፍ።»

ሴድሪክ ማቪስን አያት። እርሳሷ ጆሮዋ ላይ ተሰክቶ ነበር።

«ጽፈሽዋል?»

«አልጻፍኩም» አለች። «እየሰማሁ ነበር።»

ኮሊን ሳቀ። «እሱ ያውቀው የለ! ይነግርሻላ።»

ዝም ብሎ «እነግራታለሁ» ማለት ይቻል ነበር። ሮዊና ጥቂት፣ ማቪስ ጥቂት ቢያስታውሱ፣ አሥራ ዘጠኝ መስመር ይወጣዋል፤ በሰዓቱ በር ላይ እንደገና ይጻፋል፤ ነገ ያነበዋል። ከነገ ወዲያም። በአእምሮው ፈለገው፤ ሰባት ቁጥርን፣ ያን እርጥብ ድንጋይ። አንድ መስኮት እንኳ አልበራም።

«ኮሊን» አለ። «ምን እንዳልኩ አላውቅም።»

አዘጋጁ መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ቀጥሎ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ከሰመ።

«ትሬቨር ነገ ይግባ» አለ ሴድሪክ። «ጽሑፉን እንደተጻፈው ይበለው። ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ ወድጄዋለሁ።»

ትሬቨር ኮቱን አወለቀና መልሶ ለበሰ።

ማክሰኞ ሴድሪክ እንደ ወትሮው ሠላሳ አምስት ደቂቃ ቀደም ብሎ በጀርባው በር ገባ። ስሙ ላይ አልፈረመም። ማቪስ አጠገብ፣ በአርተር በርጩማ ላይ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ሰማ። ትሬቨር «ተዪው። ራሱ ይቁም» ሲል፣ ማቪስ ሳታየው እጁን ያዘችው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ፊልም ሠርቷል። በአንዱ የባቡር መስኮት ላይ የሚታይ ሰው ነው፤ በሁለተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ርግብ ያያል። ቃል የላቸውም። ሥጋ ሻጩ ሁለቱንም አይቷቸዋል፤ «ጡረታ ወጣህ እንዴ ከፖሊስነቱ?» ብሎታል።

ያን ማክሰኞ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ አርተር ሰዓቱን በብርድ ልብስ ሲሸፍን ሴድሪክ አጠገቡ ቆሞ ነበር።

«ያን የሞነጫጨረውን ባለጌ ግን ባገኘው» አለ አርተር። «ማን እንደሆነ ገምተዋል?»

ሴድሪክ የብርድ ልብሱን አንድ ጫፍ ያዘለት።

«አላወቅኩትም» አለ። «ግን ዳግመኛ አይመጣም።»